ጁባ ላይ ቤት ስንይዝ

ለእረፍት አዲስ አበባ ስንገባ ሰው ባለቤቴን የሚጠይቀው «አገልግሎት እንዴት ነው?» ብሎ ነው። እሱም ይመልሳል። ስለሚያስተምራቸው ወንጌላውያን፣ ስለተጠመቁ ሰዎች፣ ነፋስ ስለገነጠለው የጸሎት ቤት ጣሪያ ያወራል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይሉና «አንቺስ፣ ሙቀቱን ቻልሽው?» ይሉኛል። በፍቅር ነው የሚጠይቁት፣ አውቃለሁ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለምደነዋል» እላለሁ፤ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ልቤ ውስጥ የሚቀረው ግን ብዙ ነው። እዚህ ስኖር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ባልና ሚስት ሆኖ ለወንጌል የወጣ ሰው አገልግሎቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም ቤቱ ውስጥ መሆኑ ነው። ውሃ ሲያልቅ፣ አንዱ ሲታመም፣ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ፣ ብር ሲያንስ። በየሦስት ወሩ የምንልከው ሪፖርት ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር የለም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። በተለይ ተጋብታችሁ ወደ ሞቃት አገር ለመውጣት የምትጸልዩ አላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ጽፋችሁልኛል። ለእናንተ ነው።

የምንኖረው ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ነው። ከቦሌ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ጁባ ደግሞ 550 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፣ ነጭ ዓባይ ዳር። ይሄ ልዩነት ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ልብስን፣ ትዕግስትን። ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ድረስ አለ፣ የቀረው በጋ ነው። ከባዱ ጊዜ ዝናብ ሊገባ ሲል ያለው ነው፣ የካቲትና መጋቢት። በ2024 መጋቢት ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በ2025 የካቲት ደግሞ ተማሪዎች በሙቀት ምክንያት ራሳቸውን እየሳቱ ስለወደቁ እንደገና ተዘጋ። ልጃችን ቤት ዋለች። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ መቀመጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ኒም ዛፍ ሥር ወጣ። እኛም ምንጣፋችንን ይዘን ወጣን።

ቀናችን የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ለመጸለይም፣ ለማንበብም፣ ሊጥ ለመነካካትም ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ የጎረቤት ጀነሬተር ዝም ብሏል። አብረን እንጸልያለን። ከዚያ እሱ ለትምህርቱ ይዘጋጃል፣ እኔ ሮቶውን ለማየት እወጣለሁ። ውሃው እስከየት እንደደረሰ በእጄ እየመታሁ አዳምጣለሁ፣ ድምፁ ይነግረኛል። አብዛኛው የጁባ ሰው የቧንቧ ውሃ የለውም። ከዓባይ ተስቦ በቦቴ ነው የሚመጣው። ቦቴዎቹን ከሚነዱት ብዙዎቹ የእኛ ልጆችና ኤርትራውያን ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። አንዱ በአማርኛ «እናቴ፣ ዛሬ ወረፋ አለ፣ ማታ እመጣልሻለሁ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ማታ ካልመጣ፣ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ለሽንት ቤት ይቀመጣል፣ የሩዝ ማጠቢያው አትክልት ላይ ይፈሳል። የምንጠጣውን ደግሞ አጣርተን እናፈላዋለን።

አሁን ስለ እንጀራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጎረቤቶቼን ያገኘሁት በሱ ነው።

አዲስ አበባ ቡሆ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። እዚህ ማታ የተቦካ ጠዋት ከባልዲው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ነው። እርሾውን ቀነስኩ፣ ባልዲውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቆምኩ፣ አብሲት መጣሉን ወደ ንጋት አዞርኩ። ከሰሉ ላይ ምጣዱን የምጥደው ጸሐይ ሳትወጣ ነው። አለዚያ የምጣዱ እሳት ከታች፣ የቆርቆሮው ከላይ ሆኖ ሰው ይጥላል። የጋገርኩትም ቢበዛ ሁለት ቀን ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ይሻግታል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ እጋግራለሁ። ጤፉን ከአዲስ አበባ ስንመለስ በሻንጣ እናመጣለን፣ ሲያልቅ ከሐበሻ ሱቅ እንገዛለን፣ ውድ ሲሆን ከማሽላ ጋር ቀላቅዬ አቦካለሁ።

ማሽላውን መቀላቀል ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ከጭሱ ይልቅ ሽታው ስቧት በአጥሩ ቀዳዳ አየች፣ ከዚያ ገብታ ምጣዱ አጠገብ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። አክምባሎውን ሳነሳ ዓይኖቹን አይታ ጭኗን መታ መታ አደረገች። እነሱ ክስራ የሚሉት አላቸው፣ ከተቦካ ማሽላ ሊጥ የሚጋገር፣ ስስ ሆኖ የሚጎመዝዝ። ብረት ላይ ያፈሱትና በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ ጠርገው ያሳሱታል። በማግስቱ የሷን ሊጥ ይዛ መጣች። የኔን ምጣድ እሷ ሞከረች፣ የሷን ብረት እኔ ሞከርኩ። ቋንቋዋን በወጉ አልሰማም ነበር ያኔ። ከሷ ጋር እህቷ መጣች፣ ከእህቷ ጋር አማቷ፣ ከዚያ ጧት ጧት እኛ ጓሮ የሴቶች መሰብሰቢያ ሆነ።

የጁባ ዓረብኛን የተማርኩት እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው። ከመምጣታችን በፊት የተመደበልን የቋንቋ መማሪያ ገንዘብ ለባለቤቴ ብቻ ነበር። «እሷ ቀስ እያለች ትለምደዋለች» ተባለ። ይሄንን ሳስታውስ አሁንም ቅር ይለኛል። ለቤቱ የሚሆነውን ሁሉ የምገዛው እኔ፣ ሐኪም ቤት ልጅ ይዤ የምሄደው እኔ፣ ሴቶቹ በር ላይ ሲመጡ የምቀበለው እኔ። እሱ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፣ አስተርጓሚም አለው። የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ለሁለታችንም ቋንቋ ብቻ ቢሰጡን ስንት ነገር በቀለለ። ሚስዮናውያን የሚልክ ኮሚቴ ላይ ያላችሁ ይሄንን ካነበባችሁ እባካችሁ አስቡበት። የሚስትየዋ የቋንቋ ትምህርት ትርፍ ወጪ አይደለም።

ከሴቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። አገሪቱ በ2011 ነጻ ስትወጣ በነበረው ጥናት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ አዋቂ ሴቶች 16 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አሥርተ ዓመታት ጦርነት ነው፣ ማን ትምህርት ቤት ይሂድ? አንድ ቀን አንዷ የልጇን የክትባት ካርድ አምጥታ «ቀኑ መቼ ነው?» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን ሦስት ካርድ መጣ። በዚያው በካርዶቹ ጀመርን፣ በቀንና በወር ስም፣ በልጆቻቸው ስም አጻጻፍ። አሁን እሱ የንባብ ክፍል ሆኗል፣ ጥቁር ሰሌዳም አለን፣ ከትምህርቱ በኋላ የሚጸልዩት ራሳቸው ናቸው። ሪፖርቱ ላይ «የሴቶች አገልግሎት» ተብሎ ባንድ መስመር ገብቷል። በምን እንደተጀመረ የጠየቀ የለም።

በሽታ ደግሞ ሌላው ነው። አገር ቤት ያሉ ወዳጆቻችን «እናንተ አፍሪካዊ ናችሁ፣ እንደ ፈረንጆቹ ወባ አይጥላችሁም» ይሉናል። ይሄ ትክክል አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባ በማያውቀው ደጋ ያደገ ነው። ሰውነቱ ምንም መከላከያ አላዳበረም። እኛንም እንደማንም ይጥለናል።

ባለቤቴ የታመመበትን ሌሊት አልረሳውም። አስተምሮ መጣ፣ ምግብ አልፈልግም ብሎ ተኛ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ሲለምነኝ ገባኝ። ቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ጠርተን ክሊኒክ ሄድን፣ እሱ መሐል እኔ ከኋላ፣ እንዳይወድቅ ወገቡን ይዤ። ከጣቱ ደም ወስደው መመርመሪያዋ ላይ ሁለቱ መስመሮች ቶሎ ወጡ። ኮአርተም ሰጡን። መድኃኒቱን ለማታውቁት፣ አራት አራት ፍሬ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ። ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። እሱ ግን ውሃም ያስመልሰዋል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ወሰደ፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሌሊት አሥር ሰዓት ነው። መብራት የለም፣ የሶላሩ ባትሪ ደክሟል፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አጎበሩ ውስጥ ተቀምጬ ግንባሩን በጨርቅ እያረጠብኩ ሰዓት እቆጥራለሁ። ለማን ልደውል? አገር ቤት ቢሆን እናቴ አለች፣ እህቶቼ አሉ፣ የእድሩ ሰው አለ፣ ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር። እዚህ እኔ ለሱ፣ እሱ ለኔ ነን። እሱ ሲተኛ ደግሞ እኔ ብቻዬን።

ጎረቤቴ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። የኦቾሎኒ ገንፎ በሳህን ይዛ፣ ኩራዝ በሌላ እጇ። የኦቾሎኒው ዘይት ለመድኃኒቱ የሚያስፈልገው ቅባት ነው፣ እሷ ይህን ታውቅ ኖሯል፣ ስንት ልጅ ያስታመመች ሴት ናት። በማንኪያ ጫፍ እያደረግን ለሁለት አጎረስነው። ከዚያ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ጋደም አለች። «ሂጂ እረፊ» ብላት አልሄደችም። አሥር ሰዓት ላይ እሷ ናት የቀሰቀሰችኝ። የመጣነው ለማገልገል ነው፣ በዚያ ሌሊት ግን የተገለገልነው እኛ ነን፣ እኔ ለዚህ እስካሁን ለእግዚአብሔር ምስጋናዬን አልጨረስኩም።

እኛ መድኃኒት አለን፣ መመርመሪያ አለን። ከኛ በፊት የመጡት ይሄ አልነበራቸውም። ከጁባ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ጎንዶኮሮ የሚባል ቦታ አለ። በ1850ዎቹ የካቶሊክ ሚስዮናውያን እዚያ ጣቢያ ተክለው ነበር፣ ከወንዙ ወደ ታች ደግሞ ሌላ፣ ቅዱስ መስቀል ያሉትን። ዳንኤል ኮምቦኒ ወጣት ቄስ ሆኖ የመጣው ወደዚያኛው ነው። ብዙዎቹ ገና ቋንቋውን ሳይለምዱ በትኩሳት አለቁ፣ ጣቢያዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተዘጉ። ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፈው የታወቀው እኮ በ1897 ነው። የገደላቸው ምን እንደሆነ እንኳን ሳያውቁ ነው የሞቱት። ወንዙን በድልድዩ ስሻገር ሁልጊዜ አስባቸዋለሁ።

እኔን በይበልጥ የሚነኩኝ ግን ፍሬዘሮቹ ናቸው። ኬኔት ፍሬዘር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከባለቤቱ ከአይሊን ጋር በ1920 ሉይ ገባ፣ ሞሩዎች አገር፣ ከጁባ ወደ ምዕራብ። ሆስፒታል ሠሩ፣ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። እሱ በ1935 እዚያው ሞተ። ሆስፒታሉ ስንት ጦርነት አልፎ ዛሬም አለ። ስለሱ ብዙ ይነገራል፣ «ዶክተሩ» ሲባል ሁሉም ያውቃል። ስለ አይሊን ብጠይቅ ግን የምሰማው «ባለቤቱም አብራው ነበረች» የሚል ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው የሷን ኑሮ ነው። ውሃውን ከየት አመጣች? እሱ በሽተኛ ሲያክም እሷን ትኩሳት ሲይዛት ማን አጠገቧ ተቀመጠ? ባሏን ቀብራ በማግስቱ ጠዋት ምን አደረገች? ሚስዮናዊ ሴቶች ሁሉ ደብተር ቢይዙ ደስ ይለኛል፣ እኔ የምጽፈውም ግማሹ ለዚህ ነው።

ወደ ገንዘብ ልምጣ፣ ማንም በግልጽ አያወራውምና። እኛን የሚደግፉን አገር ቤት ያሉ ምዕመናን ናቸው። ከደሞዛቸው ቆርሰው ነው፣ አንዳንዶቹ ጡረተኞች ናቸው። በብር ነው የሚያዋጡት። እዚህ ደግሞ የቤት ኪራይ በዶላር ነው። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ባጭር ጊዜ 100 አለፈ፣ ከዚያም በላይ ሄደ። ሰዎቹ ያዋጡት ያንኑ ነው፣ እኛ እጅ ሲደርስ ግን ግማሽ ሆነ። ማንን ትወቅሳላችሁ? በዚህኛው በኩል ደግሞ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ አለ፣ አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ሦስት ያህሉ አንድ ዶላር ነበር፣ አሁን ከ4,000 በላይ ነው። ገበያ የምሄደው ገንዘብ በጎማ የታሰረ እስር ይዤ ነው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ላይ ቲማቲም በቁልል ነው የሚሸጠው፣ ዋጋው ሲጨምር ቁልሉ ያንሳል። ሥጋ ቀነስን። አሲዳ የሚሉት ገንፎና ኩድራ የሚሉት ቅጠላ ቅጠል በዛ፣ የዓባይ ዓሣ ሲረክስ እሱን። የትልቁ ቤት ኪራይ አልቻል ስላለን ጉዴሌ ወደሚባል የጁባ ሰፈር፣ ወደ አነስተኛ ቤት ገባን። ያቺን ጎረቤቴን ያገኘሁት እዚህ ነው፣ እናም ይሄንን እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም።

ዘመድ ደግሞ «ውጭ አገር ናችሁ» ይላል። ይህም አለ። ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ይጠይቁናል፣ መቼም ወገን ነው። የምንችለውን እናደርጋለን፣ የማንችለውን ባለቤቴና እኔ አንድ አፍ ሆነን አንችልም እንላለን። በዚህ ካልተስማማችሁ አትውጡ። አንዱ በጎን ቃል እየገባ ሌላው ሲሸፍን ቤት አይቆምም።

ስለ እኛ ስለሁለታችንም ትንሽ ልበል። ሙቀት ሰውን ያናድዳል። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሳ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ስለምንም አይደለም፣ ላቡ ነው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ ከሰዓት በኋላ አንነጋገርም ብለን ወስነናል። ይቆየን እንላለን፣ ማታ በረንዳ ላይ ወይ ጠዋት ከጸሎት በኋላ እናነሳዋለን። እዚህ ሌላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም፣ የሚሰማሽ እህት የለችም። እናቴ ማታ ትደውላለች፣ ጁባ ከ2021 ጀምሮ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ እኛ እራት ላይ ስንሆን እሷ ልትተኛ ነው። ለእናት ደግሞ ሁሉ አይነገርም፣ እንቅልፍ ታጣለች። እና ባልሽ ጓደኛሽም፣ እህትሽም፣ የጸሎት አጋርሽም ይሆናል። ከባድ ሸክም ነው ለአንድ ሰው። ግን ደግሞ እንደዚህ ባንወጣ ኖሮ እንደዚህ አንተዋወቅም ነበር።

እሱ እዚህ ልብስ ማጠብ ለምዷል። ጓሮ ውስጥ ሳፋ አቅርቦ የልጃችንን ዩኒፎርም ሲያሽ የሚያስተምራቸው ወጣት ወንጌላውያን መጡ። ቆመው አዩት። አንዱ «ፓስተር፣ ማማ አሟት ነው?» አለው። «የለም፣ እሷ እያስተማረች ነው» አለ፣ ማሸቱን ሳያቆም። ከዚያ ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን እዚያው ሳፋው ዙሪያ ቀጠሉ። ቆይቶ የአንዱ ሚስት ንባብ ክፍል መጣች። ባሏ ሕፃኑን ይዞላት ነው የመጣችው።

«ደቡብ ሱዳን ክርስቲያን አገር አይደለም ወይ? ምን ትሠራላችሁ?» የሚሉን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ አብዛኛው ሰው ክርስቲያን ነው። በ1964 የካርቱም መንግሥት የውጭ ሚስዮናውያንን ከደቡብ አባረረ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የጠፋች መስሏችሁ ይሆናል። በጦርነቱ ውስጥ፣ በስደት ካምፖች ውስጥ ነው በብዛት የሰፋችው፣ በራሷ ልጆች። ይሄ ለእኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። ጣልያን ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ ወላይታ ላይ የቀሩት አማኞች ጥቂት ደርዘን ነበሩ፣ ሲመለሱ ሺዎች ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ ለሰዎቹ የሌላቸውን እምነት ይዘን የመጣን አድርገን አናስብም። የመጣነው ልናግዝ ነው። ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር ተምሯል፣ እሱን ያካፍላል። እኔም የማውቀውን።

ደግሞ ባለዕዳም ነን፣ ባለውለታም። በቤተ ክርስቲያናችን አንድ አዛውንት አሉ፣ የመጀመሪያው እሑድ «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» ብለው በአማርኛ ሰላም ሲሉኝ እንባዬ መጣ። በደርግ ጊዜ ኢታንግ ካምፕ ነበሩ፣ ጋምቤላ። እስከ 1991 ድረስ ብዙ ሕዝብ እዚያ ተጠልሎ ነበር፣ መንግሥት ሲወድቅ እንደገና በእግራቸው ተመለሱ። የወንዞቹን ስም፣ የእንጀራውን ጣዕም፣ ዱላውንም ቸርነቱንም ያስታውሳሉ። ሁለቱንም ይነግሩኛል፣ አይሸፋፍኑም። በየሳምንቱ አንድ ቁራሽ እንጀራ እወስድላቸዋለሁ። «ማሽላ አለበት» ይሉኛል፣ ሁልጊዜ ያውቁታል።

ፍርሃትም አለ፣ ስለሱም ልናገር። በ2016ቱ የጁባ የሐምሌ ውጊያ ጊዜ እኛ አልነበርንም፣ ጎረቤቶቻችን ግን አልጋ ሥር እንዴት እንደተኙ ይነግሩናል። በ2025 መጋቢት ላይ ከተማው እንደገና ሲጨነቅ እኛ እዚሁ ነበርን። ፓስፖርት፣ የልጃችን መድኃኒት፣ ትንሽ ዶላርና ውሃ በአንድ ቦርሳ አድርገን በሩ ላይ አስቀመጥን። ከአገር ቤት ተደወለ። ለባለቤቴ ነው የተደወለው። «ምን ወሰንክ?» አሉት። «ገና ከባለቤቴ ጋር አልተነጋገርንም» አላቸው። ሌሊቱን ተነጋገርን። እኔ ልጅቷን ይዤ ልውጣ፣ እሱ ይቆይ የሚል ሐሳብ ነበር፣ እኔ አልተስማማሁም። አብረን እንውጣ ወይ አብረን እንቆይ አልኩ። ጠዋት ሴቶቹ ካርዳቸውንና ደብተራቸውን ይዘው መጡ፣ እንደ ማንኛውም ቀን። «ትሄዳላችሁ?» አሉኝ። እነሱ የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም። ቆየን። ይህ ለሁሉም ትክክል ነው አልልም፣ ልጅ ያለው ሰው ቢወጣ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ውሳኔው ግን የሁለታችን ነበር፣ መዘዙም የሁለታችን ነው።

ዘንድሮ የአገልግሎት ዘመናችን ሊታደስ ነው። የድሮውን የምደባ ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩት። የባለቤቴ ስም፣ የተመደበበት ቦታ፣ የሥራ ዝርዝሩ ተጽፏል። ከታች «ባለቤታቸውና ልጃቸው አብረው ይጓዛሉ» ይላል። ስሜ የለም። ስለዚህ ሁለታችን ተፈራርመን አዲሱ ደብዳቤ በሁለታችን ስም እንዲጻፍ ጠየቅን። የቋንቋ ትምህርት ለሁለታችን፣ ሕክምናና እረፍት ለሁለታችን፣ የሥራ ዝርዝርም ለየብቻ። የኔን ራሴ ጻፍኩት፦ የንባብ ክፍል፣ ከሐኪም ቤት ጋር ለእናቶች ማስተርጎም፣ እንግዳ መቀበል። «እንግዳ መቀበል» የሚለውን ኮሚቴው ይቀነስ ብሏል፣ ሥራ አይባልም ተብሎ። እኔ እንዳይቀነስ መልሼ ጽፌያለሁ፣ ባለቤቴም አብሮኝ ፈርሟል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አላቸው።